ጉልቻ ሲለወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ሹም በሹም ሲተካና ኑሮው እንደነበረው ሲቀጥል የሚነገር ተረት ነው፤ እውነትም አለው። ወጥ የሚያጣፍጠው ሽንኩርቱ፣ ቅቤውና የባለሙያዋ እጅ እንጂ ድስቱ የተጣደበት ድንጋይ አይደለም። ነገር ግን ተረቱን መጀመሪያ የተናገረው ሰው እንጨቱን ራሱ ተሸክሞ ያመጣ አይመስለንም። እንጨቱን ያመጣችው ሴት ብትጠየቅ ኖሮ፣ ከወጡ ጣዕም በፊት ጉልቻው ስንት እንጨት ይበላል የሚለው ይቀድምባት ነበር።

ከእንጦጦ ራጉኤል ሥር ባለው ቁልቁለት የምንኖር የዚህ ማኅበር አባላት አንዳንዶቻችን እንጨት የተሸከምን፣ ሌሎቻችን የተሸካሚዎች ልጆች ነን። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው አንድ ጥያቄ ስለቀረበልን ነው። አባላት እንደምታውቁት ሐሙስ ጠዋት የትእዛዝ ሥራ አንሠራም። እያንዳንዳችን የራሳችንን ናሙና ይዘን እንቀመጣለን፤ አንዷ አዲስ ጥለት ትሞክራለች፣ ሌላዋ ቀለም ታዛምዳለች፣ ሌላዋ የሠራችውን ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። ትእዛዝ በበዛበት በዚህ ሰሞን ግን ሐሙስም እንደ ሌላው ቀን ይሁን የሚል ሐሳብ ከአባላት መካከል ተነሥቷል። ማኅበሩን ከሚደግፉ ወዳጆቻችንም አንዳንዶቹ ያ ጠዋት ምን እንደሚያስገኝ በአክብሮት ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘቡን የሰጠ ሰው ቢጠይቅ አያስቀይምም። መልሱን ግን በሂሳብ ብቻ መስጠት አልፈለግንም። የምንኖርበት ጋራ የሴት ጉልበት በምን እንዳለቀና በምን እንደተረፈ የሚያሳይ ረጅም ታሪክ አለውና ከዚያ እንነሣ።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ፣ ከአንኮበር ተነሥተው እንጦጦ ላይ ሰፈሩ። ቦታው ከባሕር ወለል ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ጠላት ከየት እንደሚመጣ ለማየት የሚመች ነው። ቀድሞም የጥንት ነገሥታት ከተማ እንደነበረበት ይታመን ስለነበር፣ እዚያ መቀመጥ የአባቶችን ቦታ እንደ መመለስ ተቆጠረ። የራጉኤልና የማርያም አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ፤ ምኒልክም በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ለጦርና ለክብር የተመቸው ቦታ ለጓዳ ግን አልተመቸም። ብርዱና ነፋሱ ያስቸግራል፣ ውኃው ሩቅ ነው፣ እንጨቱም ከዓመት ዓመት እየራቀ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውኃ ወርደው ቤት እንዲሠራላቸው ማድረጋቸውና አዲስ አበባ የሚለውን ስም ማውጣታቸው በትምህርት ቤት የተማርነው ነው። ብዙ ጊዜ የእቴጌይቱ ምርጫ እንደ መዝናናት ይተረካል፤ ፍልውኃው ደስ አላቸው፣ አበባው ማረካቸው እየተባለ። እኛ ግን የቤተ መንግሥት ጓዳ የምታስተዳድር ሴት የጓዳዋን ችግር አይታ የወሰነችውም ይመስለናል። ሙቅ ውኃ ያለ እንጨት የሚፈላበት ቦታ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከተማው ወደ ታች ቢወርድም የማገዶው ችግር ተከትሎት ወረደ። በዚያን ጊዜ ጋራው የሐበሻ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ነበረበት። በሺህ የሚቆጠር ሠራዊትና ቤተ ሰብ በአንድ ቦታ ሲሰፍር ለቤት ምሰሶ፣ ለአጥር፣ ለእንጀራ፣ ለጠላና ለጠጅ የሚሆነው እንጨት በየቀኑ ይቆረጣል። እነዚህ ዛፎች ደግሞ ለማደግ ዕድሜ ይጠይቃሉ። ያን ሁሉ እንጨት ማን ነው ተሸክሞ ያመጣው ብሎ የሚጠይቅ የታሪክ መጽሐፍ ጥቂት ነው። መልሱ ግን የተሰወረ አይደለም፦ እንጨት መልቀም፣ ውኃ መቅዳትና እህል መፍጨት የገረዶችና የሴት ባሪያዎች፣ የወታደር ሚስቶችም ሥራ ነበር።

በ1890ዎቹ መጀመሪያ ችግሩ ጠንክሮ ዋና ከተማውን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ለማዛወር ታሰበ። ማሰብ ብቻም አልነበረም፤ በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀምሮ ነበር። ኋላ ሐሳቡ ሲቀር ቦታው የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት አንድም ከአውስትራሊያ የመጣ ችግኝ ነው። ዘሩን በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ እንዳስመጣው በሰፊው ይነገራል። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። ምኒልክ ችግኙ እንዲታደል፣ የሚተክልም ሰው ከግብር እፎይ እንዲል አደረጉ፤ ሰውም በየግቢው ተከለው። አንድ ትልቅ አሳብ ነበረ፤ ቤተ መንግሥቱ፣ ገበያው፣ ሠራዊቱ ሁሉ ተነሥቶ ሌላ አገር መስፈር። አንድ ትንሽ ነገርም ነበረ፤ በጓሮ ችግኝ መትከል። ያሸነፈው ትንሹ ነው፤ ዛሬ እዚህ የምንኖረውም በእሱ ምክንያት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ስለ ባሕር ዛፍ የሚከራከር አይጠፋም፤ ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም ይሉታል፣ የሚሉትም ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበርም በእንጦጦ ላይ የአገሩን ዛፎች ለመመለስ ሲደክም ኖሯል። አንድ ጠባዩ ግን ለጽሑፋችን ይጠቅማል። ባሕር ዛፍ በወጉ ከተቆረጠ ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል። በወጉ ማለት ጉቶው ሳይሰነጠቅ፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ልጡ ሳይላጥ ማለት ነው። ከዚያ ከሚወጡት ብዙ ቀንበጦች ሁለት ሦስቱ ቀርተው ሌሎቹ ይነሣሉ፤ ለጥቂት ዓመትም ማንም አይነካቸውም። እንደዚህ ከተያዘ አንድ ጉቶ ደጋግሞ ያፈራል። በየሳምንቱ ቀንበጡ ከተቀነጠበ ግን ጉቶው ይደርቃል። ጫካ የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ይህን ለመናገር መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም።

ዛፉ ከተማዋን አዳነ። የሴቶቹን ጀርባ ግን አላዳነም። እንጨቱ ሲመለስ ተሸካሚዋም ተመለሰች። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጆች በኋላ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ጫካ የግል መሆኑ ቀርቶ በመንግሥትና በገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ፤ ጠባቂ ተመደበለት። ከተማው ውስጥ ያለው ሕዝብ ደግሞ በዛ፤ እንጀራ የሚጋገረው ያኔም በእንጨትና በቅጠል ነበር። ከገጠር በድርቅ፣ በጦርነት ወይም በትዳር መፍረስ ምክንያት የመጣች፣ ሌላ ሙያ ያልተማረች ሴት ያለ መነሻ ገንዘብ የምትጀምረው ንግድ አንድ ብቻ ሆነ፤ ገመድ ይዛ ጋራውን መውጣት።

በ1983 ዓ.ም. ገደማ የዓለም ሥራ ድርጅት ከብሔራዊ የከተማ ፕላን ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ በእነዚህ ሴቶች ላይ ያወጣው ጥናት ነገሩን በወረቀት ላይ አዋለው። ከዚያ በፊት እኛን ያየን ሁሉ እንጨቱን እንጂ ከሥሩ ያለችውን አላየም። ሸክሙ ሠላሳና አርባ ኪሎ ይደርሳል፤ ከዚያም የሚበልጥ አለ። አቀበቱን ባዶ እጅ ወጥቶ ቁልቁለቱን ጎንበስ ብሎ መውረድ ነው፤ ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለቱ እንደሆነ ያልወረደ ሰው አያውቅም። በመንገድ ጠባቂ ይቀማል፣ አንዳንዱም ከመቀማት የባሰ ያደርጋል። ይህን ለአንባቢ ማብዛት አንፈልግም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ስለዚህ ዘመን ሲነገር የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የወጣች ሴት ሸጣ ቤቷ የምትገባው ከቀትር በኋላ ነው። ከዚያ ልጅ አለ፣ ውኃ አለ፣ እሳት አለ። ማታ እንዝርት ለማሾር የቀራት እጅ የለም። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ከመጡበት አገር ሲመጡ ባለሙያ ነበሩ። ጥጥ መዳመጥ፣ በደጋን መንደፍ፣ ባዘቶ ማውጣት፣ ማግ የሚሆነውን ለስለስ አድርጎ፣ ድር የሚሆነውን ጠንከር አድርጎ መፍተል፣ ሰፌድና መሶብ መስፋት ያውቁ ነበር። ባለ ቀጭን ፈትሏ ሴት በሰፈሯ በስም የምትጠራ ነበረች። እንጦጦ መጥታ ገመድ ስትይዝ ሙያው አልጠፋባትም፤ የሚሠራበት ሰዓት ጠፋባት። ጣት የሚያዘው ሙያ ደግሞ ካልተሠራበት ይደነዝዛል። ድህነት ማለት የገንዘብ እጦት ብቻ ነው የሚል ሰው ይህን ቢያስብበት እንወዳለን።

መንገዱም የራሱ ምጸት ነበረው። ከጋራው የሚወርደው መንገድ በሽሮ ሜዳ ያልፋል። ግራና ቀኝ ነጠላው፣ ቀሚሱ፣ ኩታው ተሰቅሏል። እንጨት የተሸከመችው ሴት ቀና ብላ ማየት ስለማትችል ጫፉን፣ ጥለቱን ብቻ ታያለች። ከእኛ መካከል አንዲት እናት ጥለት መለየት የተማረችው እንዲህ ጎንበስ ብላ ስታልፍ እንደሆነ ትነግረናለች። ዛሬ ናሙና ስታወጣ ከታች ጀምራ ነው።

ሽሮ ሜዳን ካነሣን ስለ ሽመና ጥቂት እንበል። በአገራችን ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሆኖ ኖሯል። ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሰፍረው የከተማዋን ሰው አለበሱ። አገር ያለበሱ ሰዎች ግን ሲሰደቡ ኖሩ፤ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪው «ጠይብ»፣ ቆዳ ሠሪው «ፋቂ» ይባል ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። አዋጁ ስድቡን በአንድ ቀን አላጠፋውም፤ በቅርብ ጊዜም ሰምተነዋል። ሆኖም አንድ ነገር እንደገባቸው ያሳያል፦ እጁ የሚፈጥር ሰው ልቡ ከተሰበረ እጁም ይሰበራል። ጥጥና ቆዳ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛው መንፈስም ጥበቃ ይፈልጋል ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለት አጥር ነበረ። ሴት ሽመና ላይ አትቀመጥም የሚለው አንዱ፣ ሽመና ራሱ ዝቅተኛ ሥራ ነው የሚለው ሌላው። ከጥናቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተቋቋመው የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ሁለቱንም አጥር አለፈ። በእንጦጦ ግርጌ ሴቶች በሽመና ዕቃ ላይ ተቀመጡ፤ የአንገት ልብስና ነጠላ ሠሩ፣ ስፌትም ሰፉ፣ ጎብኚው ሄዶ የሚገዛበት ቦታ ሆነ። የእነሱ ማኅበርና የእኛ አንድ አይደሉም፤ ሆኖም መንገዱን እነሱ እንደጠረጉልን ባንናገር ውለታ መብላት ይሆናል። ከእነሱ ልብ ያልነው አንድ ነገር የአንገት ልብሱ ነው። ሙሉ ጋቢ ብዙ ፈትልና ብዙ ቀን ይጠይቃል፤ ጀማሪ ከጋቢ ከጀመረች ገንዘቡም ልቧም መሐል መንገድ ላይ ያልቃል። የአንገት ልብስ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ ይሸጣል፣ ቢበላሽም ብዙ ጥጥ አይበላም፤ እሱን የሠራች እጅ ለቀጣዩ ትደፍራለች። ትልቅ ፕሮጀክት የሚጽፉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር በመግቢያ ላይ አይጽፉትም። ሴቶቹን በሽመናው ላይ ያቆያቸው ግን እንዲህ ያለው ነገር ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ጉልቻው እንመለስ። በሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ሲጣድ እሳቱ በሦስት አቅጣጫ ይወጣል፤ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የጋጋሪዋንም እግርና ፊት ያሞቃል። ምጣዱ የሚያገኘው የተረፈውን ነው። በ1980ዎቹ ሁለት ምድጃዎች መጡ። አንዱ «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ነው፤ ውስጡ ሸክላ ውጪው ቆርቆሮ ሆኖ፣ በኬንያ ጂኮ ከሚባለው ምድጃ ሐሳቡ የተወሰደ፣ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲወዳደር ከአራት እጅ ከሰል አንዱን እጅ ገደማ ያተርፋል። ሁለተኛው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ነው፤ በኢትዮጵያ የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ተሠርቶ፣ ኋላም በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ በየክልሉ ተሠራጨ። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ በቅርጽ እየተመታ ይወጣል፤ ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፉታል። እሳቱ የሚገባበት አፍ አንድ ነው። ትኩሳቱ ምጣዱን ካገኘ በኋላ በኋላ በኩል ይወጣል፣ እዚያም ድስት ይጣድበታል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

ግማሽ የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ለጋራው ሴት ሲተረጎም ግን ለቤቷ ማገዶ ሁለቴ ትወጣ የነበረው አንዴ ይሆናል ማለት ነው። ምድጃውን የሚሠሩትም ሰዎች በየሰፈሩ ያሉ አምራቾች ናቸው፤ ቅርጹን ይዞ የሚመታ ሰው ሌላ ፋብሪካ አያስፈልገውም። ወጡ አልጣፈጠም፤ እንጀራውም ያው እንጀራ ነው። ተረቱ አልተሳሳተም፤ የለካው ሌላ ነገር ነው።

ነገር ግን ምድጃው ከገባ በኋላ ያየነው ሌላ ነገር አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገርም እሱ ነው። የተረፈ ሰዓት ባለቤት ከሌለው ሌላ ይወስደዋል። እንጨት ለመልቀም የማትሄድ ሴት ቤት መዋሏ ሲታወቅ «ከዋልሽ አይቀር» የሚል ይበዛል። ከዋልሽ አይቀር የጎረቤቷን ልጅ ያዢ፣ ከዋልሽ አይቀር ለቀብር ንፍሮ ቀቅይ፣ ከዋልሽ አይቀር ሁለት ምጣድ ጨምረሽ ጋግሪና ሽጪ። አንዱም ክፉ ነገር አይደለም፤ እድርና ጉርብትና ባይኖሩ አንኖርም። ሆኖም ዓመት ሲያልፍ ምድጃው ያተረፈው ሰዓት የት እንደገባ ስትጠየቅ መልስ የላትም፤ እንዝርቷም ግድግዳ ላይ እንደተሰካ ነው። ወፍጮ ቤት ሲመጣም እንዲሁ ነበር ይሉናል ትልልቆቹ። በእጅ ወፍጮ ሲፈጭ ያደረው ጉልበት ተረፈ፣ የተረፈው ጉልበት ግን በሌላ ሸክም ተያዘ።

ትልልቆቹ ለዚህ መላ ነበራቸው። ቀን ያጥሩ ነበር። ወር በገባ በአንድ ራጉኤል ነው፣ በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በአሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ በሃያ አንድ ማርያም። በእነዚህ ቀኖች አይፈተልም፣ አይፈጭም፣ እንጨት አይለቀምም። የራጉኤል ዓመታዊ በዓል መስከረም 1 ስለሚውል በዚህ ጋራ ላይ ዘመን መለወጫና ንግሥ አንድ ላይ ናቸው። በዓል መጀመሪያ ለእግዚአብሔር ነው፤ ይህን ለመለወጥ አይደለም የምንጽፈው፤ ከአባሎቻችንም በሌላ እምነት ያሉ አሉ፣ የእነሱም ዓርብና ረመዳን የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። የምንለው ይህን ነው፤ በዓል ያከበረችን ሴት «ዛሬ ምን አስገኘሽ?» ብሎ የሚጠይቃት አልነበረም። ቀኑ የታጠረው በእሷ ፈቃድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባል፣ አማት፣ ጎረቤት ባፈረሱባት ነበር። አንድ ላይ ስለታጠረ ቆመ። ጽዋ ማኅበሩም፣ እቁቡም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። ለብቻዋ አሥር ብር ማስቀመጥ ያቃታት ሴት የእቁብ ዕለት ሲሆን ታመጣለች፤ ገንዘቡ ቀድሞም ነበራት፣ ያልነበራት የሚጠብቅላት ሰው ነበር።

ከአገር ውጭም ለዚህ የሚመስል ታሪክ አለ። በሕንድ አገር፣ በአሕመዳባድ ከተማ፣ የጨርቅ ጥቅል በራሳቸው ተሸክመው ከመደብር መደብር የሚያመላልሱ ሴቶች ነበሩ። ኑሯቸው ከእንጦጦ ተሸካሚዎች ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሴቶቹ ክፍያቸው እንደሚጭበረበር ለኢላ ባት ነገሯት፤ እሷም በጋዜጣ ጻፈችው። ነጋዴዎቹ ተቆጥተው ስማችን ጠፋ፣ እኛ ይህን ያህል እንከፍላለን ብለው መልስ አወጡ። ኢላ ባት አልተከራከረቻቸውም። የነጋዴዎቹን መልስ በካርድ ላይ አሳትማ ለሴቶቹ አደለች፤ እያንዳንዷ ተሸካሚ ነጋዴው ራሱ አለኝ ያለውን ዋጋ በእጇ ይዛ መደራደር ጀመረች። በሚቀጥለው ዓመት ሴዋ የተባለው የሴቶች የሥራ ማኅበር ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ አራት ሺህ ሴቶች አሥር አሥር ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ ከፈቱ። ይህን ታሪክ ስናነብ ከባንኩ ይልቅ ካርዷን ወደድናት።

የእንጦጦ መልክ ዛሬ ተለውጧል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ እንጨት ይወርድበት በነበረው ጋራ ላይ ሰው ለመዝናናት ይወጣበታል፤ ከቀድሞ ተሸካሚዎችም እዚያው ሥራ ያገኙ አሉ። ደስ ይለናል። ሁሉም ግን አላገኘም፤ ከራጉኤል ጀርባ ባሉት መንደሮች በማለዳ ብትወጡ ቅጠል የተሸከመች ሴት አሁንም ታገኛላችሁ። በዕድሜ ልጆቻችንን የሚያህሉም አሉ።

ስለዚህ ስለ ሐሙስ የተጠየቅነውን እንመልስ። በሐሙስ ጠዋት የሚሠራው አብዛኛው ነገር አይሸጥም። ይህን ከወዳጆቻችን አንደብቅም። ናሙናው ይፈታል፣ ክሩ ለሌላ ይውላል። ዛሬ ለትእዛዝ የምንሠራቸው ጥለቶች ግን፣ ያ ሰማያዊና ነጭ «የጋራው መንገድ» የምንለውን ጨምሮ፣ የተገኙት በሐሙስ ጠዋት ነው። ትእዛዝ ያመጣው ጥለቱ ነው፤ ትእዛዙ አሁን ጥለቱ የተወለደበትን ሰዓት ሊበላው መጣ። የባሕር ዛፉን ጉቶ ያነሣነው ለዚህ ነው፤ ሊገፋ የተቃረበው ነገር ቀንበጡ ነውና።

በአባላት በኩል የተነሣውንም ሐሳብ አናቃልልም። የቤት ኪራይ ያለባት እህት ሐሙስን ስትቆጥር የምትቆጥረው ገንዘብ ነው፤ እውነቷን ነው። በዚህ ምክንያት የሥራ አመራሩ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚያቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት እንደታጠረ ይቆይ፤ ከሰዓት በኋላው ለትእዛዝ ይሁን። ከሐሙስ ናሙና ወጥቶ ትእዛዝ ያገኘ ጥለት ሲኖር፣ ከሽያጩ ለፈጠረችው አባል የተለየ ድርሻ ይመደብላት፤ የድርሻውን መጠን ጉባኤው ይወስን። በጋራ ግቢያችን ለምሳና ለበዓል እንጀራ የሚጋገርበት ሦስት ጉልቻ በምርጥ ምድጃ ይተካ፤ በዚህ የሚተርፈው የማገዶ ገንዘብ ለናሙና ክር መግዣ ይሁን። ወዳጆቻችን ከሚልኩት ላይ ለዚህ ጠዋት ተብሎ የሚጠየቅ ተጨማሪ ገንዘብ የለም፤ የምንጠይቃቸው በሪፖርታችን ላይ የሐሙስ ረድፍ ባዶ ሆኖ ሲያዩ እንዳይደነግጡ ነው።

እያንዳንዷ አባል ከጉባኤው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ከምድጃ፣ ከእንጨትና ከመንገድ ያተረፈችው ሰዓት የት እንደገባ በደብተሯ ትጻፍ። መጻፍ የማትችል ለልጇ ታስጽፍ ወይም ወደ ቢሮ ትምጣና እንጽፍላታለን። ደብተሩን ማንም አይመረምርም፤ ለድምፅ ስንቀመጥ ግን በእጃችን ይኑር።